እንደ ሻይ የቀጠነ ቀለም

ባለቤቴ ይቀርጽ ነበር፣ እኔ እቀባ ነበር። የሚቀርጸው ከአውራ ጣት ብዙ የማይበልጡ ነገሮችን ነው፤ ግመል፣ ጀሪካን የተጫነች አህያ፣ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን ያንጠለጠለበት ግመል ጠባቂ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት፣ ጺሙን ሂና የተቀባ ሽማግሌ። ጅጅጋ ገበያ አጠገብ የስጦታ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሶማሌ ነጋዴ ይረከበን ነበር።

ሥራው ወደ ቤታችን የገባው ሁለታችንም ከሸመገልን በኋላ ነው። ከዚያ በፊት እሱ አዲጋላ ባቡር ጣቢያ አናጢ ነበር፤ እኔ እዚህ ጅጅጋ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። የምንገናኘው ፈቃድ ሲያገኝ ብቻ ስለነበረ በትዳር የቆየነው ብዙ ዓመት ቢሆንም አብረን የኖርነው ጥቂት ነው። ልጅ አልወለድንም። ባቡሩ አንድ ቀን እየመጣ አንድ ቀን እየቀረ ቆይቶ ጭራሹን ሲቆም፣ መሣሪያውን በጆንያ ጠቅልሎ መጣ። እኔም በዚያው ሰሞን ጡረታ ወጣሁ። አባቴ በወታደርነት ወደዚህ አገር መጥቶ በሠራት ቤት ውስጥ ሁለት እንግዳ ሰዎች ሆነን ተቀመጥን። እሱ በር ላይ፣ እኔ መስኮት ሥር። አብሮ መዋልን አናውቅበትም ነበር። ጠዋት ደህና አደርሽ ይለኛል፣ ደህና አደርክ እለዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ የሚባል ነገር አይገኝም።

አንድ ቀን ከቱሊ ጉሌድ ከመጣ ማገዶ ውስጥ አንድ ቁራጭ መርጦ አወጣና በቢላ ይፍቀው ጀመር። ማታ ላይ ግመል ሆነ። በሚቀጥለው ሳምንት ግመሉ ሚስትና ልጆች አገኘ። መስኮቱ ላይ ሲደረደሩ ጊዜ፣ እንዲሁ ከሚቆሙ ብዬ ለበር ከተገዛው የዘይት ቀለም የተረፈውን አውጥቼ ቀባኋቸው። አንዱን አንስቶ አገላበጠው።

«ይሄ ቀለም ነው ልስን?»

«ቀለም ነው።»

«ዓይኑን ቀበርሽው። ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኝ ነበር።»

አልተቆጣም። ግን ግመሉን መልሶ ሲያስቀምጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ነው ያስቀመጠው። እኔም ነገሩ ከነከነኝ። ከጠረፍ ከተማዋ ከቶጎ ውጫሌ በሚመጣው ዕቃ መካከል በውሃ የሚበጠበጥ የትምህርት ቤት ቀለም ፈልጌ ገዛሁ። እሱ ደግሞ አዲጋላ ሳለ ባቡር ቀቢዎች ያረጀ ነገር አዲስ ሳይመስል እንዴት እንደሚያድሱ አይቶ ስለነበር፣ በቃል ብቻ ነገረኝ። «እንደ አጥሚት አይደለም፤ እንደ ሻይ አቅጥኚው» አለኝ። የሥራው ትምህርት ይኸው ነበር። የቀረውን ያስተማረኝ ማበላሸት ነው።

አሠራሩን ልንገር። መጀመሪያ እንጨቱ ቀለም እንዳይጠጣ በውሃ የቀጠነ ኮላ ይቀባል። ኮላው ሲደርቅ መደቡ፣ የሥረኛው ቀለም፣ ይቀባል፤ ለግመል ፈዛዛ ቢጫ፣ ለአህያ አመድማ። መደቡ በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው እኛ «ቀጭኑ» የምንለው የሚመጣው። በሻይ ማንኪያ ውሃ ላይ ጥቂት ቡናማ፣ የጥቁር ጭላጭ፣ በብሩሽ ጫፍ የተነካ ሳሙና። ሳሙና ከሌለው ቀለሙ እንደ ጤዛ እየተንከባለለ እላይ ይቀራል፤ ሳሙናው ሲገባበት ወደ ስርጉዱ ሁሉ ራሱ ይወርዳል። ሳሙናው ከበዛ ደግሞ አረፋ ይሆንና ሲደርቅ ክብ ክብ ምልክት ይተዋል። ብሩሹን ግመሉ አንገት ላይ ማስነካት ነው እንጂ ማሸት የለም። ቀለሙ መንገዱን ያውቃል። የጎድን አጥንቱ መሃል ይገባል፣ የዓይኑን ቆብ ይከባል፣ የከንፈሩን መስመር ያወጣል። ከዚያ ጉብታው ላይ የቀረውን በደረቅ ብሩሽ መምጠጥ ነው። ይህ ሲሆን ቅድም እንጨት የነበረውን ነገር ታይዋለሽ፤ ያይሻል።

ውሃው ብዙ አስቸግሮኛል። የጅጅጋ የጉድጓድ ውሃ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ውሃ ነው። መጀመሪያ ያቀጠንኩት በዚያ ነበር። ማታ ጥሩ ሆነው ያደሩት ግመሎች ጠዋት በየስርጉዳቸው ነጭ ነጭ አወጡ። እሱ ጎንበስ ብሎ አያቸውና «እከክ ገብቷል፤ መንጋው አለቀ» አለ። ያን ቀን ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ በአህያ ጋሪ ውሃ የሚያዞረውን ሰውዬ የቢርካ ውሃ እንዲያመጣልኝ ነገርኩት፤ ቢርካ ዝናብ የሚጠራቀምበት የገጠር ጉድጓድ ነው። ውሃው ድፍርስ ቢሆንም ነጭ አይተውም። በነጠላ ጫፍ አጠልለዋለሁ። ከታች የሚዘቅጠውን ቀይ አፈር አልደፋውም። እሱን ራሱን አቅጥኜ የግመሎቹ እግርና የሰዎቹ ሽርጥ ጫፍ ላይ ሳስነካው ከመንገድ የመጡ መሰሉ። ነጋዴው ያን ሲያይ የት አገር አፈር እንደሆነ ጠየቀ። የእናንተው ነው አልኩት።

ነፋሱ ሌላ ነው። ረፋድ ላይ ከተነሳ ቀለሙ ከዳር ደርቆ ቀለበት ይተዋል። ስለዚህ በማለዳ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ እርጥብ ጨርቅ ሰቅዬ ነው የምሠራው። እሱም በዚያው ሰዓት በር ላይ ይቀርጻል። እንዲህ ሆነን ዓመታት ሄዱ። በቀን የተነጋገርነው ቢሰበሰብ አብዛኛው ስለ ቀለም ነበር። ወፍሯል፣ ቀጥኗል፣ ይድረቅ፣ ገልብጪው። ከዚያ የሚበልጥ ነገር አልጠበቅሁም። አሁን ሳስበው ከብዙ ባልና ሚስት የተሻልን ነበርን።

የቀረጸውን የሚያስቀምጠው በትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር፤ በየድርቡ ጋዜጣ አለበት። ከዚያ እያወጣ ለሳምንቱ የሚበቃኝን ይሰጠኛል። እኔ እጄን ከትቼ አላውቅም። ወንበሩ ሥር የሚያኖረው የእሱ ዕቃ ነው።

ልቡ ደክሞ ነው የሞተው፤ ብዙም አልተኛም። ነጋዴው ለቅሶ መጥቶ በረንዳው ላይ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ሰው እየቀነሰ ሄደ፤ ደንቡ ነው። ጠዋት መስኮት ሥር መቀመጤን አልተውኩም፤ ግን የምሠራው አልነበረም። ዝምታ ለእኛ ቤት አዲስ ነገር አይደለም። ሆኖም ሁለት ሰው ዝም ሲልና አንድ ሰው ዝም ሲል አንድ አይደለም።

ነጋዴው የውሃ ጋሪውን ሰውዬ ላከብኝ። «የተጀመረ ካለ ጨርሰሽ አምጪ፣ መደርደሪያው ባዶ ነው ብሎሻል» አለኝ። ቆርቆሮውን ያን ቀን ከፈትኩት።

ላይኛው ድርብ አልቋል። ጋዜጣውን ገለጥኩ። ከሥር ብዙ ነበሩ፤ ከጠበቅሁት በላይ። ግመሎች፣ አህያዎች፣ ሕፃን ያዘለችዋ ሴት። ለክረምቱ የሚሆን ሥራ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ኮላ ቀባሁ፣ መደብ ቀባሁ። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ ባዶ እንጨት ላይ ብዙም አላይም፤ መደቡም ሁሉን አንድ ያደርገዋል። በማግስቱ ቀጭኑን በጠበጥኩና አንዱ ግመል አንገት ላይ አስነካሁ።

ቀለሙ ይሄዳል ባልኩበት አልሄደም። አንገቱ ላይ ከላይ እስከ ደረት አንድ መስመር ሆኖ መውረድ ሲገባው እየተቆራረጠ በየቦታው ቆመ። ሳሙናው በዝቷል አልኩ። ጠርጌ እንደገና በጠበጥኩ። እንደዚያው ሆነ። ሁለተኛውን ወሰድኩ፣ ሦስተኛውን ወሰድኩ። የአህያዋ እግር በአጫጭር ቁስል ተሞላ፤ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። የሴትዮዋ አፍ ወደ ጉንጯ ሸሸ። መደርደሪያዬ ላይ ከቆየው አንድ አሮጌ ግመል ጋር አስተያየሁት። በአሮጌው ላይ ቢላው ከአንገት ተነስቶ ሳያርፍ ደረት ደርሷል። በአዲሱ ላይ ቢላው ይነሳል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይሞክራል።

ያኔ ገባኝ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መስኮት ሥር እንደተቀመጥኩ አንድ አንዱን አሰብኩ። የሻይ ብርጭቆ ትቶ ጆሮ ባለው ትልቅ ኩባያ መጠጣት ጀምሮ ነበር፤ ብርጭቆው እጄን ያቃጥለኛል ብሎ። ጺሙን ራሱ መላጨት ትቶ ጸጉር ቤት ይሄድ ነበር፤ ወሬ እሰማለሁ ብሎ። ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ትቶ ሹራብ ያዘወትር ነበር፤ ብርዱ ጠናብኝ ብሎ። ለሁሉም ምክንያት ነበረው፤ እኔም ለሁሉም እሺ ብያለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ቆርቆሮው ነው። ቀጭኑ ቀለም የተሰወረ እንደማያስቀር ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እሱ ነው ያስተማረኝ። ስለዚህ ድሮ ጥሩ አድርጎ የቀረጻቸውን ከላይ እያደረገ እነዚያን ለእኔ ይሰጠኛል፤ አዲሶቹን ከሥር ይደብቃል። የድሮዎቹ ባለቁበት ሰሞን ሞተ።

የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ሆነ። ነጋዴው አንደበቱ ልጓም የለውም። ያልወደደውን ዕቃ ሰው ፊት ይናገራል። ባለቤቴን በሕይወት ሳለ «አደር፣ ይሄ ፍየል ነው ውሻ?» ይለው ነበር፤ አደር ማለት በእነሱ አጎቴ እንደማለት ነው። ባለቤቴም «ፍየል መሆን የጀመረ ውሻ ነው» ይለዋል። መልስ የሚሰጥ ሰው ስላለ ያምርበት ነበር። አሁን ግን መልስ የሚሰጥ የለም። ከሞተ በኋላ ገበያ መካከል በእጁ ሲሳቅበት መስማት አልፈለግሁም።

ስለዚህ የበሩን የዘይት ቀለም ፈለግሁ። ከጣሳው ሥር አሁንም ነበረ። አንዷን አህያ በወፍራሙ ቀባኋት። ቁስሉ ሁሉ ጠፋ። እግሯ ደህና ሆነ፣ ጆሮዋ ደህና ሆነ። ካርቶን ሙሉ ከጠረፍ የሚገባው የፕላስቲክ መጫወቻ መሰለች። ስትደርቅ እጄ ላይ አድርጌ ብዙ አየኋት። የእሱ አልነበረችም። ማንም አልሠራትም። የተረፈውን ቀለም ጓሮ አፈሰስኩና ሌሎቹን ሁሉ በቀጭኑ ጨረስኳቸው፤ እንደ ሻይ አድርጌ፣ ምንም ሳልሸፍን። ጊዜ ወሰደብኝ። አንዳንዱ ላይ የቢላውን መንገድ ስከተል እጁ የት ላይ እንደደከመው፣ የት ላይ አርፎ እንደተመለሰ ይታወቀኝ ነበር። አብረን ስንሠራ ከነገረኝ ይልቅ ያኔ ብዙ ነገረኝ።

ሱቁ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። ነጋዴው የሽቶ ብልቃጥ ይወለውላል። አማርኛው ጥሩ ነው፤ አንቱ ማለት ግን አይቀናውም። አክብሮቱ ሁሉ «ኤዶ» በምትለው ቃል ውስጥ ነው፤ አክስቴ ማለቱ ነው።

«ኤዶ፣ ጠፋሽ እኮ። ሰው ሲሞት ሱቅም አብሮ ይሞታል?»

«አልሞተም። ይኸው አመጣሁ።»

ጨርቁን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። መነጽሩን አደረገ። አንድ ግመል አንስቶ ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። አንገቱ ላይ አውራ ጣቱን አስኬደው።

«ይሄ ግመል ብርድ ብርድ ብሎታል» አለ። ድምፁን ግን ዝቅ አድርጎ ነው።

«የመጨረሻዎቹ ናቸው።»

«አወቅሁ።»

«ምኑን አወቅህ?»

«እጁን።» ግመሉን አስቀመጠው። «እዚህ በርጩማው ላይ ይቀመጥ ነበር አይደል? ሻይ አስመጣለሁ። ግማሽ ብቻ ቅዳልኝ ይለኛል። አደር፣ ስኳር ተወደደ ሲሉህ ነው? እለዋለሁ። ይስቃል። ግማሹም ሱሪው ላይ ይፈሳል። አንድ ቀን አየሁበት። ለኤዶ እንዳትነግር አለኝ። አማና አለኝ፤ አማና ከተባለ እኛ ዘንድ አፍ ይዘጋል።»

«ለምን እንዳትነግር አለህ?»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «ካወቀች ተው ትለኛለች አለኝ። እኔ ከተውኩ እሷም መቀባቷን ትተዋለች። ከዚያ ሁለታችን እዚያ ቤት ውስጥ ምን እንሆናለን አለኝ።»

ጨርቁን አጣጠፍኩ። እውነት ነው፤ ተው እለው ነበር።

ነጋዴው መነጽሩን መልሶ አደረገና ወደ ሥራው ተመለሰ። «እወስዳቸዋለሁ። ግን የሚማር ልጅ የሠራው ነው ብዬ ልሽጣቸው። ሰው የአደርን ሥራ ያውቃል፣ ስሙ ይበላሻል።»

«የእሱ ነው በል፤ አለዚያ አትሽጣቸው።»

«ኤዶ፣ ይሄ ገበያ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን እንዲህ ሆነ ቢሉኝስ?»

«እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር በላቸው።»

ራሱን ነቀነቀ። «እኔ አፌ አይለውም። እዚያ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ከተባለ አንቺ በይው።» ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። ኮፍያውን አነሳ። «ልስገድ። ሱቁን ያዥልኝ፤ ሌባ ከመጣ ቀለም ቀቢው።»

ሄደ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ እዚያ ሱቅ ቆሜ አስረክቤ እወጣ ነበር እንጂ ተቀምጬ አላውቅም። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ዝቅ ያለ ነው፤ ከዚያ ሆኖ የሚታየው የመንገደኛው እግርና የባጃጅ ጎማ ነው። ግመሎቹንና አህዮቹን መደርደሪያው ላይ አቆምኳቸው። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አደረግሁ።

አንዲት ሴት ገባች፤ ሻሿን እስከ ወገቧ የለቀቀች፣ በሁለት እጇ ፌስታል የያዘች። ፌስታሎቹን መሬት አስቀመጠችና መደርደሪያውን ታይ ጀመር። አንዷን አህያ አነሳች።

«ማን ነው የሠራት?» አለችኝ በሶማሊኛ።

«ባለቤቴ ነው።» የእኔ ሶማሊኛ የገበያ ነው፤ ይህን ለማለት ግን ይበቃል።

«እግሯን ምን ነካው?»

መንቀጥቀጥን በሶማሊኛ ምን እንደሚሉት አላውቅም ነበር። እጄን ከፍ አደረግሁና አንቀጠቀጥኩት። ሴትዮዋ እጄን አየች። ሐሰት እንዳይመስላት ይሁን ሌላ አላውቅም፣ ቶሎ አላወረድኩትም። «ሞቷል» አልኳት ከዚያ። «የመጨረሻ ሥራው ነው።»

አልሳቀችም። የሆነ ነገር በአረብኛ አለች፤ ለሞተ ሰው የሚባለውን። አህያዋን አዙራ ሆዷን፣ ጀሪካኗን፣ ጆሮዋን አየች። ትገዛታለች ብዬ ነበር። መልሳ አስቀመጠቻት፤ እግሯ ስለማያስቆማት ወደ ግመሉ አስጠግታ አስደገፈቻት።

«የሰርግ ዕቃ መጠቅለያ ወረቀት አላችሁ?» አለችኝ።

የት እንደሚቀመጥ አላውቅም ነበር። ከባንኮኒው ሥር ካርቶኖች አሉ። አንዱን ሳብኩ፣ እሷም ጎንበስ ብላ ሌላውን ሳበች። ማበጠሪያ አገኘን፣ ሻማ አገኘን፣ የአልጋ ልብስ አገኘን።

«አዲስ ነሽ እንዴ እዚህ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳትና ሦስተኛውን ካርቶን ከፈትን።